ደም እንዴት እንደሚረጋ
ለወረታና ለፎገራ ተማሪ ቤቶች የተዘጋጀ ንግግር

ተማሪዎች ሆይ፤ አገራችሁ ፎገራ ከጣና በስተ ምሥራቅ የተዘረጋ፣ ርብና ጉማራ የሚያጠጡት ሜዳ ነው። ዛሬ በሩዙ ቢታወቅም ከሩዙ አስቀድሞ የታወቀው በላሙ ነውና፣ ነገሬን ከወተት እጀምራለሁ።

እናቶቻችሁ ወተቱን በቅል አድርገው ሲያሳድሩት ይረጋል፤ እርጎ መባሉም ስለዚህ ነው። ደምም ከቍስል ወጥቶ ጥቂት ሲቆይ ይረጋል። ቋንቋችን ለሁለቱ አንድ ቃል መስጠቱ በከንቱ አይደለም፤ በወተትም ሆነ በደም የሚረጋው ፕሮቲን የሚባለው ነገር ነውና። ነገር ግን ወተትን የሚያረጋው መኮምጠጡ ነው፤ የደም አረጋግ ከዚህ ይለያል።

የደም ፈሳሹ ክፍል ፕላዝማ ይባላል፤ መልኩም ወደ ቢጫ ያደላል። በእርሱ ውስጥ ፋይብሪኖጅን የተባለ ፕሮቲን ሟሙቶ ይኖራል። የሚሠራው በጉበት ነው። በጤነኛ ሰው በአንድ ሊትር ፕላዝማ ከ2 እስከ 4 ግራም ያህል ይገኛል፤ ይህም ሲመዘን ከአንድ የሻይ ማንኪያ ጨው አይበልጥም።

ማጭድ ጣትን በቆረጠ ጊዜ የደም ሥር ይቀደዳል። አስቀድሞ ፕላትሌት የሚባሉት ደቃቅ የደም ክፍሎች በቀዳዳው ላይ ይለጠፋሉ። ዳግመኛም በደም ውስጥ ተኝተው የነበሩ ሌሎች ፕሮቲኖች አንዱ ሌላውን እየቀሰቀሰ ትሮምቢን የተባለው ይነሣል። ትሮምቢን ከፋይብሪኖጅን ላይ ጥቂት ቍራጭ ቆርጦ ይጥላል፤ የተቆረጠውም እርስ በርሱ እየተያያዘ ክር ይሆናል። ክሩ ፋይብሪን ይባላል። ክሮቹ ተደራርተው ቀዩን ደም እንደ መረብ ይይዙታል፤ ቀዳዳውም ይደፈናል። ማርቼሎ ማልፒጊ የተባለው የኢጣሊያ ሐኪም የረጋ ደም በውሃ አጥቦ ነጩን ክር በማጉያ መነጽር እንዳየ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1666 ዓ.ም. ጽፏል። እናንተም የቅርጫ በሬ ሲታረድ ደሙ ጉበት መስሎ እንደሚረጋ አይታችኋል፤ ቆይቶ ከላዩ የሚወጣው ቢጫ ውሃ ከአይብ የሚለየውን አጓት ይመስላል።

የረግረጉ አልቅት ይህን ምሥጢር የሚያውቅ ይመስላል። ምራቁ ደም እንዳይረጋ ስለሚያግድ፣ ከላሟ አፍንጫ ከተነቀለ በኋላ እንኳ ደሙ ቶሎ አይቆምም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ከፎገራና ከአካባቢው ብዙ ሰዎች ለሰሊጥና ለማሽላ ሥራ በጎንደር በኩል ወደ መተማና ወደ ሑመራ ቆላ ይወርዳሉ። በዚያ ቆላ ከእፉኝት ወገን የሆነ፣ መልኩ አፈር የሚመስል አንድ አጭር እባብ አለ፤ ሲቈጣ ተጠቅልሎ ቅርፊቱን እርስ በርሱ እያፋተገ ያንሿሿል። የእርሱ መርዝ ደምን የሚያቀጥን ይመስላል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። መርዙ ቍስል ሳይኖር ትሮምቢንን ያስነሣል፤ ትሮምቢኑም በመላው ደም ያለውን ፋይብሪኖጅን ይቆራርጣል። ሰውነትም የተሠሩትን ደቃቅ ክሮች መልሶ ያሟሟቸዋል። ጉበት የሚሠራው የሚጠፋውን አይተካምና በጥቂት ሰዓት ውስጥ ጐተራው ባዶ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ከድድ፣ ከአሮጌ ቍስል፣ ከሽንትም ጋር ደም ይመጣል፤ በአንጎል ውስጥ ከፈሰሰ ይገድላል።

ክፋቱ ደግሞ፣ ሰውዬው እየሄደና እየተናገረ ሳለ ጐተራው ሊያልቅ መቻሉ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ከደም ሥር ጥቂት ደም ቀድቶ በንጹሕና በደረቅ የመስታወት ቱቦ ያደርግና 20 ደቂቃ ሳይነካው ያቆየዋል። ከዚያ በኋላ እናቶቻችሁ እርጎው መርጋቱን ለማየት ቅሉን ዘንበል እንደሚያደርጉት፣ ቱቦውን አንድ ጊዜ ያዘነብለዋል። ደሙ እንደ ውሃ ከፈሰሰ ፋይብሪኖጅኑ አልቋል ማለት ነው። ቱቦው የፕላስቲክ ቢሆን ፈተናው ያሳስታል፤ መርጋቱን የሚቀሰቅሰው የመስታወቱ ገጽ ነውና።

ለዚያ እባብ ወገን የተሠራው የመርዝ ማርከሻ በደም ሥር ሲሰጥ መርዙን ይይዘዋል። ማርከሻው ራሱ ፋይብሪኖጅን አይሰጥም፤ ዘራፊው ሲያዝ ጉበት ጐተራውን በሰዓታት ውስጥ መሙላት ይጀምራል። ሐኪሙም ከ6 ሰዓት በኋላ ፈተናውን ይደግማል።

እንግዲህ የተነደፈውን ሰው በምላጭ የሚበጣ፣ ለማይረጋ ደም ሌላ በር ይከፍትለታል። መምጠጥም መርዙን አያወጣም፤ አጥብቆ ማሰርም እግሩን ሊያበሰብሰው ይችላል። ቀለበትና ጫማ ይውለቅ፤ የተነደፈው እግር ወይም እጅ እንደ ተሰበረ አጥንት በእንጨት ተደግፎ እንዳይነቃነቅ ይደረግ። በእግሩ አይሂድ፤ በቃሬዛ ወይም በመኪና ማርከሻ ወዳለበት ሆስፒታል ይወሰድ። ለሕመሙም አስፒሪን አይሰጠው፤ አስፒሪን ፕላትሌቶችን ከሥራቸው ያግዳልና። አብሮት የሚሄደው ሰው የተነደፈበትን ሰዓት ልብ ብሎ ይያዝ፤ ሐኪሙ አስቀድሞ የሚጠይቀው እርሱን ነው።