ማንነት አረጋጋጩን ፕሮግራም በግዴታ ደንብ ስለ መወሰን
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ከጎባ ተነሥቶ ወደ ደሎ መና የሚወርድ መንገደኛ አስቀድሞ ወደ ሳነቴ አምባ መውጣት አለበት። አምባው ከባሕር ጠለል በላይ ከ4000 ሜትር የሚበልጥ ሲሆን፣ 4377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱም የሚገኘው በዚያው ነው። ከዚያ ወዲያ መንገዱ በሪራ አልፎ የሐረናን ጫካ እየሰነጠቀ ወደ ቆላው ይወርዳል። በደሎ መና አንድ የመሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር ቢታወክ፣ ከሮቤ ወይም ከጎባ የሚጠራው ባለሙያ የሚመጣው በዚሁ መንገድ ነው። የመገናኛ መሥመሩ በተቋረጠ ጊዜም ኮምፒዩተሩ ራሱን ችሎ መሥራት ይኖርበታል። እንግዲህ ርቀት ለትራንስፖርት ብቻ ሳይሆን ለኮምፒዩተር ደኅንነትም መሠረታዊ ጥያቄ ነው ማለት ነው።

1. ማንነትን ማረጋገጥና ሥልጣንን መወሰን

«ይህ ሰው ማን ነው?» እና «ይህ ሰው ምን ይፈቀድለታል?» የሚሉት ሁለት ጥያቄዎች ብዙ ጊዜ እንደ አንድ ይቆጠራሉ። ነገር ግን የተለያዩ ናቸው። መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰው ችግር ልዩነቱን ግልጽ አድርጎ አሳይቷል። ባንኩ እንደ ገለጸው ነገሩ የሳይበር ጥቃት አልነበረም። በዚያ ሌሊት በሒሳባቸው ከነበረው በላይ ገንዘብ ያወጡት ሰዎች የባንኩ የታወቁ ደንበኞች ነበሩ። ማንነታቸውን በማወቅ ረገድ የጎደለ ነገር አልነበረም፤ የጎደለው ወሰኑን የሚጠብቀው ቁጥጥር ነበር።

ይህ ለሰው የሚነሣ ጥያቄ ለፕሮግራምም ሊነሣ ይገባል። ማንነትን የሚያረጋግጠው ፕሮግራም ራሱ ምን ይፈቀድለታል? በ2015 ዓ.ም. የወጣው የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 የፋይዳን ሥርዓት በሕግ ካቆመና በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ከወጣ ወዲህ፣ ጥያቄው ለአገራችን ባለሙያዎች የንድፈ ሐሳብ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል።

2. የዴመኑ ሥራና ኃላፊነት

ዴመን የሚባለው ከመጋረጃ በስተጀርባ ሳያቋርጥ የሚሠራ አገልጋይ ፕሮግራም ነው። በሊኑክስ ኮምፒዩተሮች ላይ በሰፊው ከሚሠራባቸው ማንነት አረጋጋጮች አንዱ ኤስኤስኤስዲ ይባላል። ተጠቃሚው ስሙንና የይለፍ ቃሉን ሲያስገባ፣ ዴመኑ በማእከል ያለውን ሰርቨር ጠይቆ መልሱን ያመጣል። መሥመሩ በተቋረጠ ጊዜ ሠራተኛው ሥራ እንዳይፈታ፣ ዴመኑ ከዚህ በፊት የገቡትን ሰዎች መረጃ በኮምፒዩተሩ ውስጥ እንዲያስቀምጥ ማድረግ ይቻላል። የይለፍ ቃሉ እንዳለ አይቀመጥም፤ በስሌት ተለውጦ ይቀመጣል።

ለደሎ መና ለመሰለ ቦታ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ይሁን እንጂ ጥቅሙ አደጋውን ይዞ ይመጣል። የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች መግቢያ በአንድ ኮምፒዩተር፣ በአንድ ፕሮግራም እጅ ይከማቻል። እንዲህ ያሉ ዴመኖች ደግሞ ለረዥም ጊዜ ሲሠሩ የኖሩት ሁሉን ማድረግ በሚችለው በሩት ሥልጣን ነው። በዴመኑ ላይ አንድ ስሕተት ተገኝቶ አጥቂ ቢቆጣጠረው፣ ከዴመኑ ጋር ኮምፒዩተሩን በሞላ ያገኛል።

3. የግዴታ ደንብ ምንነት

በተለመደው አሠራር የአንድን ፋይል ፈቃድ የሚወስነው የፋይሉ ባለቤት ነው፤ ሩት ግን ከዚህ ሁሉ በላይ ነው። በግዴታ ቁጥጥር ጊዜ ግን የሥርዓቱ እምብርት የሆነው ከርነል፣ ባለቤቱም ሆነ ሩት እንደ ፈቃዱ ሊለውጠው የማይችለውን ደንብ ያስከብራል።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ይህን አሠራር ያውቀዋል። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ የግምጃ ቤቱን ቁልፍ ይዟል፤ በሩን ሊከፍትም ይችላል። ሆኖም ዕቃ በሞዴል 19 ካልሆነ አያስገባም፣ በሞዴል 22 ካልሆነ አያስወጣም። ቁልፍ መያዝ ብቻውን ዕቃ ለማውጣት ሥልጣን አይሰጥም። የግዴታ ቁጥጥርም እንዲሁ ነው። በመጀመሪያ የተለመደው ፈቃድ ይጠየቃል፤ ያ ከተገኘ በኋላ ደንቡ ይጠየቃል፤ ሁለቱም ካልፈቀዱ ሥራው አይፈጸምም። ልዩነቱ፣ በንብረት ክፍል ደንቡ ተጥሶ በኋላ በምርመራ ሊደረስበት ይችላል፤ ከርነሉ ግን ሥራው ከመፈጸሙ በፊት ይከለክላል።

ሐሳቡ የቆየ ነው። በትለር ላምፕሰን አንድን ፕሮግራም በወሰን ውስጥ የማኖርን ችግር እ.ኤ.አ. በ1973 ጽፎበታል። ሳልዘርና ሽሮደር እ.ኤ.አ. በ1975 እያንዳንዱ ፕሮግራም ለሥራው ከሚያስፈልገው የበለጠ ሥልጣን ሊኖረው እንደማይገባ አስረዱ። የአሜሪካ ብሔራዊ የደኅንነት ድርጅት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2000 ኤስኢሊኑክስን ለሕዝብ ለቀቀ፤ ከ3 ዓመት በኋላም የሊኑክስ ከርነል አካል ሆነ።

4. ደንቡ በተግባር

በኤስኢሊኑክስ ውስጥ እያንዳንዱ ፕሮግራምና ፋይል መለያ ይለጠፍበታል። ደንቡ የሚጻፈው በመለያዎቹ ላይ ነው፤ በግልጽ ያልተፈቀደው ሁሉ የተከለከለ ነው። ስለዚህ ለዴመኑ ደንብ የሚጽፍ ሰው የዴመኑን ሥራ አንድ በአንድ መዘርዘር አለበት። የራሱን የውቅር ፋይል ያነባል፤ ያከማቸውን መረጃ ያነባል፣ ይጽፋል፤ ከማእከሉ ጋር በኤልዳፕ በር 389 ወይም 636፣ በከርበሮስ በር 88 ይገናኛል። የሠራተኞችን ሰነድ ማንበብ፣ የሒሳብ መረጃን መክፈት፣ ወደ ሌሎች በሮች መደወል ግን ከሥራው ውጭ ስለሆነ አይፈቀድለትም።

የዚህን አስተሳሰብ ጥበብ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳየው የ«ሻዶው» ፋይል አያያዝ ነው። ይህ ፋይል የኮምፒዩተሩን የራሱን ተጠቃሚዎች የይለፍ ቃል በተለወጠ መልኩ የያዘ ነው። የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ፕሮግራም ሁሉ ፋይሉን ያንብብ ከተባለ ምስጢሩ በብዙ እጅ ይገባል። ስለዚህ ፋይሉን የማንበብ መብት ለጥቂቶች ብቻ ተሰጠ። ሌሎቹ አንድ ትንሽ መርማሪ ፕሮግራም ይጠራሉ፤ እርሱም የራሱ ወሰን ውስጥ ሆኖ ቃሉን ያመሳክርና «ትክክል ነው» ወይም «አይደለም» ብሎ ብቻ ይመልሳል። ጠያቂው መልሱን እንጂ መዝገቡን አያይም።

5. ደንቡ የማይደርስበት

የደንቡን ጥቅም አጋንኖ መናገር ለሙያው ታማኝነት አይሆንም። ደንቡ ዴመኑ ከወሰኑ እንዳይወጣ ያደርጋል እንጂ በወሰኑ ውስጥ እንዳይዋሽ አያደርግም። በአጥቂ እጅ የወደቀ ዴመን መግባት ለማይገባው ሰው «አዎን፣ እርሱ ነው» ብሎ ሊመሰክር፣ በራሱ ማከማቻ ያለውንም ሊያነብ ይችላል። ከርነሉ ራሱ ስሕተት ካለበትም ደንብ አስከባሪው አብሮ ይወድቃል።

መጋቢት 20 ቀን 2016 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የኤክስዜድ ጉዳይ ለዚህ ምሳሌ ነው። ኤክስዜድ የመረጃ ማመቂያ ፕሮግራም ሲሆን፣ በ5.6.0 እና በ5.6.1 እትሞቹ ውስጥ ሆን ተብሎ የተሰወረ መግቢያ ተቀብሮበት ነበር። ዓላማው ከሩቅ ለመግባት የሚያገለግለውን ኤስኤስኤች ዴመን መቆጣጠር ነበር። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ በኤስኤስኤች መግባት ግማሽ ሰኮንድ ያህል መዘግየቱን አስተውሎ ምክንያቱን ሲመረምር ደረሰበት። የመግቢያ ዴመን በባሕርዩ ሰዎችን ወደየሥልጣናቸው የሚያሻግር ስለሆነ ወሰኑን እጅግ ማጥበብ አይቻልም። ከዚህም የተነሣ የማረጋገጡን ሥራ ከማስገባቱ ሥራ መለየትና እያንዳንዱን በየራሱ ወሰን ማኖር ያስፈልጋል።

6. ከሩቅ ሆኖ ስለ መጠበቅ

በተግባር ትልቁ አደጋ የሚመጣው ከአጥቂው ሳይሆን ከጥድፊያ ነው። ባለጉዳይ ተሰልፎ ሳለ ሠራተኞች መግባት ያቅታቸዋል እንበል። ባለሙያው በሮቤ ነው፤ በስልክ «ኤስኢሊኑክስን አጥፋው» የሚል ምክር ይሰጣል፤ ሥራው ይቀጥላል። ከዚያ በኋላ ግን ማንም አያስታውሰውም። ፈጽሞ በጠፋበት ጊዜ የተፈጠሩ ፋይሎች መለያ ስለማይኖራቸው፣ ደንቡን መልሶ ለማስነሣት መለያውን በኮምፒዩተሩ ፋይሎች ላይ ሁሉ እንደገና መለጠፍ ያስፈልጋል። አንድ ቀን የጠፋው እንዲሁ ጠፍቶ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። በመጀመሪያ፣ ደንቡ ኮምፒዩተሩ ከሮቤ ሳይነሣ ይፈተን። ፈተናው መሥመሩ ተቋርጦ፣ የይለፍ ቃል ተቀይሮና የመጠባበቂያ ቅጂ ተመልሶ ያለውን ሁኔታ ሁሉ ያካትት። ሁለተኛ፣ ችግር ሲደርስ ክልከላው የተመዘገበበት መዝገብ ይነበብ። ብዙ ጊዜ ክልከላ የሚደርሰው ደንቡ ስለ ጠበበ ሳይሆን፣ አንድ ፋይል ከሌላ ቦታ ሲዛወር የቀድሞ መለያውን ይዞ ስለ መጣ ነው፤ ይህ በአንድ ትእዛዝ ይስተካከላል። ሦስተኛ፣ ማላላት የግድ ከሆነ ለዚያው ዴመን ብቻ ይላላ፤ ሌላው እንደ ተጠበቀ ይቆይ፤ ማን መቼ እንዳላላውና መቼ እንደሚመለስ ይጻፍ። በመጨረሻም፣ የክልከላን መዝገብ ሳይመረምሩ በመሣሪያ ወደ ፈቃድ መለወጥ ሊወገድ ይገባል። የተከለከለው ሥራ የአጥቂው ሥራ ሊሆን ይችላልና።

የተከበራችሁ አባላት፣ በወረዳ ደረጃ ያለ ሰርቨር ከማእከል ካለው ያነሰ አደራ የለበትም። በውስጡ የተያዘው ደመወዝ፣ የሕክምና መረጃ፣ የመሬት መዝገብ የዚያው ሕዝብ ነው። የይለፍ ቃሉን ለማሽን ያስረከበ ሠራተኛ ማሽኑን የሠራውን ሰው ማመኑ ነው። የባለሙያው ድርሻ ይህን እምነት በመልካም ፈቃድ ላይ ሳይሆን በተጻፈ፣ በተፈተነና በሚከበር ደንብ ላይ ማኖር፣ ነገሩንም ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ነው።