ከወላጅ ለልጅ የሚወርድ የእግር መደንዘዝና የእግር አያያዝ

የዛሬው ንግግራችን ስለ እግር ነው። ይህን ገጽ በራሳችሁ የምታነቡ ሁሉ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ከባድ ቃል ካለ አብረን እንፈታዋለን።

የመጀመሪያው ከባድ ቃል «ነርቭ» ነው። ነርቭ በሰውነታችን ውስጥ የተዘረጋ ቀጭን መስመር ነው፤ እንደ ስልክ ሽቦ ቁጠሩት። እሾህ ሲወጋን ወሬውን ወደ አንጎል ያደርሳል። «እግርህን አንሣ» የሚለውን ትእዛዝ ደግሞ ከአንጎል ወደ ጡንቻ ያመጣል። ከነርቮች ሁሉ ረጅሞቹ ከወገብ ተነሥተው እስከ እግር ጣት የሚወርዱት ናቸው። ዛሬ የምንነጋገርበትም በሽታ ቀድሞ የሚጎዳው እነዚህን ረጅሞቹን ነው።

በሽታው በዘር የሚወርድ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1886 ሻርኮና ማሪ የተባሉ የፈረንሳይ ሐኪሞች ጻፉበት። በዚያው ዓመት ቱዝ የተባለ የእንግሊዝ ሐኪምም ጻፈበት። ስለዚህ በሦስቱ ስም «ሻርኮ ማሪ ቱዝ» ተባለ። ስሙን መሸምደድ አያስፈልግም፤ ምልክቱን እወቁ። አብዛኛውን ጊዜ በልጅነት ወይም በጉርምስና ይጀምራል። ውስጥ እግሩ በጣም ይጎደጉዳል፤ በእርጥብ እግር ሲረግጡ ምድር ላይ የሚታተመው ተረከዙና የጣቱ ሥር ብቻ ነው። ጣቶቹ እንደ መንጠቆ ይቆለመማሉ። ባቱ ይቀጥናል። የእግሩ ጫፍ አልነሣ ስለሚል ሰውዬው ጉልበቱን ከፍ እያደረገ ይራመዳል፤ ትንሽ ድንጋይ ያደናቅፈዋል፤ ቁርጭምጭሚቱ ወለም ይለዋል። እየቆየም እግሩ ይደነዝዛል።

እኔ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነኝ። በሩጫ ሰዓት ሁልጊዜ የሚወድቅ ልጅ አስተምሬአለሁ። ጓደኞቹ ይስቁበት ነበር። አንድ ቀን አባቱ ሊወስደው ሲመጣ እግሩን አየሁት። ያው ጎድጓዳ ውስጥ እግር፥ ያው የተቆለመመ ጣት። «እርግማን ነው፤ ከአያቴ ጀምሮ አለብን» አለኝ። ዘር ከልጓም ይስባል እንል የለ? መልክ እንደሚወረስ ይህም ይወረሳል እንጂ እርግማን አይደለም። በብዙዎቹ ቤተሰቦች ከወላጆች አንዱ ካለበት እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ከሁለት አንድ ነው። በመንካት፥ አብሮ በመብላት አይተላለፍም። አእምሮንም አይነካም። ታዲያ ልጁን ከትምህርት ቤት ማስቀረት ምን ይሉታል?

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። የደነዘዘ እግር ሁሉ የዘር አይደለም። የስኳር በሽታ ያደነዝዛል። የሥጋ ደዌም ያደነዝዛል። ብዙ ሰው የሥጋ ደዌን «የዘር ነው» ይለዋል፤ አይደለም። ከተሕዋስ የሚመጣ ነው፤ በነፃ በሚሰጥ መድኃኒት፥ እንደ ዓይነቱ በ6 ወይም በ12 ወር ይድናል። ስለዚህ ማንም ሰው በራሱ ላይ ፈርዶ ቤት አይቀመጥ። በተለይ ቆዳ ላይ የገረጣ ወይም የቀላ፥ ሲነኩት የማይሰማ ምልክት ካለ ፈጥናችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ለዘሩ በሽታ ከሥሩ የሚያድን መድኃኒት እስከ ዛሬ የለም። ነገር ግን ጣት ለመቆረጥ የሚደርሰው ነርቩ ስለ ታመመ ብቻ አይደለም። ሳይታይ የቆየ ቁስል ሲያመረቅዝ ነው። ጤነኛ እግር ጠጠር ሲቆረቁረው ባለቤቱን ያስቆማል። የደነዘዘ እግር ግን ዝም ብሎ ቀኑን ሙሉ ይረግጠዋል። እንግዲህ እግር ያልነገረንን ዓይንና እጅ ይንገሩን።

ማታ ማታ፥ ብርሃን ሳይጠፋ፥ እግራችሁን እዩ። ውስጥ እግሩን፥ ተረከዙን፥ በጣቶቹ መካከል። አልታይ ካለ መስታወት ከሥር አድርጉ፤ ወይም ልጅ ይይላችሁ። በሙቅ ውኃ ሳይሆን ለብ ባለ ውኃ ታጠቡ። ሙቀቱን በእግር አትለኩ፤ በክርን ለኩት። ጣቶቹን መካከል ለመካከል አድርቁ። ቅባት ተቀቡ፤ በጣቶቹ መካከል ግን አታድርጉ። የጠጠረውን ቆዳ በእግር መፈግፈጊያ ድንጋይ ቀስ እያላችሁ ፈግፍጉት። በምላጭ መቅረፍ ይቅር! እናቶቼ፥ በብርድ ጊዜ እግርን ወደ ምድጃ መዘርጋትም ይቅር። እሳቱ ቆዳውን ሲያበስለው አይሰማችሁም። ብርድ ከሆነ ካልሲ አድርጉ።

ጫማ ዋናው ነገር ነው። በባዶ እግር መሄድ ለዚህ እግር አይሆንም። ጠባቡ ኮንጎ የተቆለመመውን ጣት ይልጠዋል። ፊቱ ሰፊና ከፍ ያለ፥ በማሰሪያ የሚጠብቅ ጫማ ምረጡ። እስቲ እርሳስና ወረቀት አምጡ። ወረቀቱን መሬት ላይ አኑራችሁ ቁሙበት፤ የእግራችሁን ዙሪያ በእርሳስ ሳሉ። በመስመሩ ላይ ቁረጡና ወረቀቱን ወደ ገበያ ያዙት። ጫማው ውስጥ ስታስገቡት ወረቀቱ ከተጨማደደ ጫማው ጠባብ ነው። ነጋዴው «ሲያረጅ ይሰፋል» ይላል፤ አትስሙት። የምትገዙትም ከሰዓት በኋላ ይሁን፤ እግር ወደ ማታ ያብጣል። ጠዋት ጠዋት ከማጥለቃችሁ በፊት ጫማውን ገልብጣችሁ አራግፉ፤ እጃችሁንም አስገብታችሁ ዳብሱ።

የቁርጭምጭሚት ጅማት እንዳይኮማተር እግራችሁን ዘርግታችሁ ተቀመጡ። ነጠላ በውስጥ እግር በኩል አዙራችሁ ሁለቱን ጫፍ ወደ ራሳችሁ ሳቡ። እስከ 30 ቁጠሩ፤ ከዚያ ልቀቁት። ጫፉ የወደቀውን እግር ደግፎ የሚይዝ፥ በጫማ ውስጥ የሚገባ ድጋፍም አለ። አካል ድጋፍ በሚሠራበት ስፍራ በልክ ይሠራል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1965 በአዲስ አበባ የተቋቋመው አለርት ሆስፒታል ለደነዘዘ እግር የሚሆን ጫማ በመሥራት የታወቀ ነው።

ቁስል ካያችሁ በንጹሕ ውኃ አጥባችሁ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑት፤ በዚያ እግር አትርገጡ። ካበጠ፥ ከጋለ፥ መግል ከያዘ ግን በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ነው። አያምም ብላችሁ አትዘናጉ።

ስትሄዱም አሁን መጻፍ ችላችኋልና በወረቀት ሦስት ነገር ጽፋችሁ ሂዱ። ከቤተሰብ ማን ማን እንዲህ ያለ እግር አለው? በስንት ዓመታችሁ ጀመራችሁ? መደንዘዙ ከጣት ተነሥቶ እስከ የት ደርሷል? ወረቀቱን ለጤና ባለሙያው ስጡት።