የደም ምርመራ ወረቀታችሁን አትጣሉ
(ስለ ሉፐስ በሽታ በኢስትሊ ለኢትዮጵያውያን ስደተኞች ከተደረገ የጤና ትምህርት ንግግር)



ሉፐስ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ እርግማንም አይደለም። ከበሽታ የሚጠብቀን የሰውነታችን የመከላከያ ኃይል የገዛ አካሉን ሲወጋ የሚመጣ ሕመም ነው። ከ10 ሕሙማን 9ኙ ያህል ሴቶች ናቸው። ቆዳን፣ መገጣጠሚያንና ኩላሊትን ይጎዳል። ደምንም ይለውጣል።

አንደኛ፣ ቀይ የደም ሕዋሳት ያንሳሉ። ሰው ይደክማል፣ ያዞረዋል። እኛም «የስደት ኑሮ ነው፣ ምግብ አጥሮት ነው» ብለን እንተወዋለን። የመከላከያ ኃይሉ ሕዋሳቱን እያፈረሰ ከሆነ ግን ሥጋና የብረት ክኒን ብቻውን አያድንም።

ሁለተኛ፣ ነጭ የደም ሕዋሳት ሲያንሱ ሌላ በሽታ በቀላሉ ይገባል። ስለዚህ ሕመምተኛዋ ትኩሳት ሲይዛት ከሱቅ መድኃኒት ገዝታ መዋጥ የለባትም፤ ሐኪም ይያት።

ሦስተኛ፣ ደም የሚያረጉት ፕላትሌቶች ያንሳሉ። በጤነኛ ሰው በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ከ150,000 እስከ 450,000 ይገኛሉ። በጣም ሲያንሱ ነስር፣ የድድ መድማትና የወር አበባ መብዛት ይመጣል። በዚህ ጊዜ አስፕሪን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰድም።

አራተኛ፣ በአንዳንዶች ደሙ ያለ ቦታው ይረጋል። አንድ እግር ያብጣል፤ ፅንስ ደጋግሞ ይጨነግፋል። ይህን የሚያመጡት ፀረ አካላት ቪ.ዲ.አር.ኤል. የተባለውን የቂጥኝ ምርመራም ሊያሳስቱ ይችላሉ። በእርግዝና ክትትል ወይም ለሦስተኛ አገር ጉዞ ስትመረመር «ቂጥኝ አለብሽ» የተባለች ሴት በሽታው ላይኖርባት ይችላል። ትዳር ከመፍረሱ በፊት ቲ.ፒ.ኤች.ኤ. የተባለው ማረጋገጫ ይደረግላት። ቂጥኙ እውነትም ሊሆን ስለሚችል የታዘዘላትን ሕክምና ግን አታቋርጥ።

ወገኖቼ፣ እነዚህ ምልክቶች ለየብቻ ሲታዩ ሌላ ስም ይሰጣቸዋል። ዛሬ በአንዱ ክሊኒክ ደም ማነስ፣ ነገ በሌላው ቂጥኝ ይባላል። አንድ ላይ ሲታዩ ነው ሐኪሙ ሉፐስን የሚጠረጥረው። ስለዚህ ሙሉ የደም ቆጠራ እንዲደረግላችሁ ጠይቁ። ከኢስትሊ ክሊኒክ ወደ ፑምዋኒም ሆነ ወደ ኬንያታ ብሔራዊ ሆስፒታል ስትላኩ የቀድሞውን ወረቀት ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ። ሉፐስ ሕክምና አለው። ዛሬ የሰማችሁትን ላልመጣችው ጎረቤታችሁ ንገሩ።