የዘገየ መርዶ
(በትምህርት ቤታችን በዓል ቀን የተደረገ ንግግር)



በጋይንትም ሆነ በስማዳና በእስቴ፣ ከሩቅ ለመጣ ሰው መርዶ የሚነገረው ጎሕ ሲቀድ ዘመድ ተሰብስቦ ነው። ሐዘኑን ብቻውን እንዳይሰማ የታሰበ ነውና ልማዱን አከብረዋለሁ። በእኔ የደረሰውን ግን ልንገራችሁ።

በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የ12ኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው መሰጠት ሲጀምር እኔም ተፈታኝ ነበርሁ። በጥናቱ ሰሞን አያቴ ዐረፉ፤ ቤተ ሰቡም «ይፈተንና ይስማ» ብሎ ተማከረ። ስለ እርሳቸው በጠየቅሁ ቁጥር እናቴ «ተኝተዋል» ትለኝ ነበር። (ውሸት ነው ለማለት አልደፍርም።)

ፈተናው ሲያልቅ ከደብረ ታቦር በጉና ግርጌ አልፌ ንፋስ መውጫ ገባሁ። አጎቴ መናኸሪያ ተቀበለኝና፣ እቤታችን ሳይሆን ዘመድ ቤት አሳደረኝ። ሊነጋጋ ሲል ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሽማግሌዎች ገቡ። ሳይናገሩ ዐወቅሁ።

በአገራችን ቀብር አይቆይምና ቢነገረኝም ላልደርስ እችል ነበር፤ የ3ኛው ቀን ሰልስት ግን ባላመለጠኝ። ፈተና ሊደገም ይችላል። እናቴን «ለምን?» ብላት፣ «አባባ ራሳቸው፣ ልጁን ከደብተሩ አታስነሡት ብለው ነው» አለችኝ። ወላጆቻችን ሆይ፣ እኔ ግን ዛሬም ብትነግሩኝ ይሻለኝ ነበር እላለሁ።

ያን ዕለት ድንኳኑ ከፈረሰ ሰንብቷል፤ እንባውም ደርቋል። ሆኖም ለእኔ ለአንዱ ሲሉ መንደርተኞቹ እንደገና ለቅሶ ተቀመጡ። የገብስ አጨዳ ደርሶ ነበርና፣ ማጭዳቸውን እንደያዙ የመጡም ነበሩ።