የማታም እብጠት



ዛሬ ስለ ጡት ነቀርሳ እንነጋገራለን። ስለ ጡት በሰው ፊት መናገር ያሳፍራል የምትሉ ትኖራላችሁ። ነገር ግን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ስለዚህ ሳንደብቅ እንነጋገር።

የጡት ነቀርሳ ምንድን ነው? ሰውነታችን በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን ሕዋሳት የተሠራ ነው። በጡት ውስጥ ያሉት ሕዋሳት ከልክ በላይ ሲባዙ እብጠት ይሆናሉ። ነገሩ እንደ አረም ነው። አረም ገና ቡቃያ ሳለ ቢነቀል ሰብሉ ይድናል። ዘሩን ከረጨ ግን ማሳውን ይወርሳል። ነቀርሳም ሲቆይ ወደ ብብት፣ ወደ አጥንት፣ ወደ ሳንባና ወደ ጉበት ይዛመታል።

በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የቡዳ ወይም የእርግማን ሥራም አይደለም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2022 ዓ.ም. በዓለም ላይ 670 ሺህ ያህል ሴቶችን ገድሏል። አልፎ አልፎ ወንዶችንም ይይዛል።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው የቱ ላይ ነው? «ካላመመኝ አይጎዳኝም» ማለታችን ላይ ነው። አንዲት እናት ጡታቸው ላይ ሽንብራ የምታህል እብጠት አገኙ። «አታመኝም፤ አዝመራው ይሰብሰብ» አሉ። ዓመት አለፈ። ሐኪም ዘንድ የሄዱት እብጠቱ ከቆሰለ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ሐኪሙ ስቃያቸውን ከማስታገስ በቀር ሊያድናቸው አልቻለም።

እንግዲህ ምልክቶቹን እንወቅ፦
በጡት ወይም በብብት ውስጥ ያለ እብጠት፤
የጡት ቆዳ መሰርጎድ ወይም እንደ ብርቱካን ልጣጭ መሆን፤
የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት ወይም ደም ማውጣት፤
የማይድን ቁስል።

እብጠት ሁሉ ነቀርሳ አይደለም። አብዛኛው ሌላ ነው። ለይቶ የሚያውቀው ግን ምርመራ ነው። ስለዚህ ምልክቱን ያየ ሰው ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይሂድ። ከዚያ ወደ ሆስፒታል ይላካል። በሆስፒታል ከእብጠቱ ጥቂት በመርፌ ተወስዶ ይመረመራል።

ነቀርሳ ከሆነስ? ሕክምናው ብዙ ዓይነት ነው። አንደኛው ቀዶ ሕክምና ነው። እብጠቱ ትንሽ ከሆነ እሱ ብቻ ሊወጣ ይችላል፤ ካደገ ጡቱ በሙሉ ሊቆረጥ ይችላል። ሁለተኛው የጨረር ሕክምና ነው። ሦስተኛው በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ነው። ይህ ጸጉር ያረግፋል፤ ጸጉሩ ግን መልሶ ይበቅላል። አራተኛው፣ ለአንዳንዱ ዓይነት፣ አምስት ዓመትና ከዚያም በላይ በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን ነው። ሐኪሙ እንደ በሽታው ዓይነት አንዱን ወይም ብዙዎቹን ያዛል።

«ነቀርሳ ብረት ከነካው ይብሳል» ሲባል እንሰማለን። ይህ እውነት አይደለም። የሚያብሰው መዘግየት ነው። ጸበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፤ የሐኪሙን ሕክምና ግን አያቋርጥ።

አባቶችና ወንድሞች! ሚስታችሁ፣ እናታችሁ ወይም እህታችሁ «እብጠት አገኘሁ» ካለቻችሁ፣ «ያምሻል ወይ?» ብላችሁ አትለፏት። ይዛችኋት ሂዱ። አዝመራ ለከርሞም ይደርሳል። እናት ግን አትተካም።