በሰፈሩት ቁና

ስለ ውጭ ጣልቃ ገብነት፣ ስለ ሰብአዊ መብት መስፈሪያና ስለ ጋምቤላ ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በብሪታኒያ መንግሥት መካከል የተፈረመው ውል ይበልጡን የሚታወሰው በድንበር ጉዳይ ነው። ለመሐንዲስ ግን ሦስተኛውና አራተኛው አንቀጾች የተለየ ትምህርት ይሰጣሉ። ሦስተኛው አንቀጽ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በዓባይ፣ በጣና ሐይቅና በሶባት ላይ ፍሰቱን የሚያግድ ሥራ ከብሪታኒያና ከሱዳን መንግሥታት ጋር ሳይስማሙ እንዳይሠሩ ያስገድዳል። ሶባት የሚባለው ደግሞ የባሮን ውሃ ተቀብሎ ወደ ነጭ ዓባይ የሚያደርሰው ወንዝ ነው። አራተኛው አንቀጽ በባሮ ዳር በኢታንግ አካባቢ፣ በወንዙ ዳር ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ቦታ ለንግድ ጣቢያ የሚሆን ለብሪታኒያ እንዲከራይ ይፈቅዳል። ጣቢያው የቆመው በጋምቤላ ነበር። በክረምት ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት ጀልባዎች ከሱዳን እየወጡ የኢትዮጵያን ቡና ይጭኑ ነበር። ይህ ሥርዓት ያበቃው ሱዳን ነጻ በወጣችበት በ1948 ዓ.ም. ነው።

ስለዚህ የውጭ ጣልቃ ገብነት የሚለው ቃል ለጋምቤላ ከመጽሐፍ የመጣ አይደለም፤ ከተማዪቱ ራሷ የተቆረቆረችው በእንዲህ ያለ ውል ነው። ነገር ግን አንድ ሌላ ነገርም ልብ ሊባል ይገባል። ውሉን የፈረሙት ሁለት መንግሥታት ናቸው፤ በወንዙ ዳር ከብቱን የሚያጠጣው ኑዌር፣ በዳርቻው በቆሎና ማሽላ የሚዘራው አኙዋ ተዋዋይ አልነበሩም። የዚህ ንግግር ሐሳብ የሚመነጨው ከዚህ ነው። መንግሥታት ስለ ጣልቃ ገብነትና ስለ ሰብአዊ መብት ሲከራከሩ፣ ክርክሩ የሚነሣበት ሰው ብዙ ጊዜ ከሸንጎው ውጭ ይቀራል።

ኢትዮጵያ በዓለም ፊት ስለ አድልዎ ያቀረበችው አቤቱታ ረጅም ታሪክ አለው። አፄ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ቆመው የተናገሩት፣ ማኅበሩ ለታናናሽ አገሮች የገባውን ቃል ኃያላኑ በተግባር ስለ ነፈጉ ነበር። በኢጣሊያ ላይ በተጣለው ማዕቀብ ውስጥ ነዳጅ አልገባም፤ የስዌዝ ቦይም ለኢጣሊያ መርከቦች አልተዘጋም። ይሁንና በዚያን ቀን ኢትዮጵያ የጠየቀችው ማንም እንዳያያት አልነበረም፤ ለሁሉ የተጻፈው ሕግ ለእርሷም እንዲሠራ ነበር። የአቤቱታው ክብርና ኃይል የመነጨው ከዚህ ነው። ከዚያ ወዲህ የተነሡት አቤቱታዎች ሁሉ በዚህ መለኪያ ቢመዘኑ መልካም ነው።

በ1977 ዓ.ም. ድርቁ በከፋ ጊዜ ወታደራዊው መንግሥት ከሰሜንና ከሌሎች አካባቢዎች ገበሬዎችን እያነሣ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ ያሰፍር ጀመር፤ ጋምቤላም ከተቀባዮቹ አንዷ ሆነች። ዕቅዱ 1.5 ሚሊዮን ሰዎችን ለማዛወር ሲሆን፣ ሥራው በ1978 ዓ.ም. እስከ ቆመበት ጊዜ ድረስ 600,000 ያህል ሰዎች ተዛውረዋል። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት የፈረንሳይ ክፍል ሰዎች በግድ እየተጫኑ በመንገድና በሰፈራው ይሞታሉ ብሎ በመናገሩ በ1978 ዓ.ም. ከአገር ተባረረ። መንግሥት በበኩሉ ነቀፌታው የኢትዮጵያን ርእዮተ ዓለም በመጥላት የመጣ ነው አለ። በዚህ መልስ ውስጥ እውነት አልነበረም ለማለት አይቻልም። የምዕራቡ ዓለም በዚያው ዘመን ለሶማሊያ መንግሥት ወዳጅነቱንና የጦር መሣሪያውን አልነፈገም ነበር፤ ያ መንግሥት በ1980 ዓ.ም. የገዛ ከተማውን ሐርጌሳን በአውሮፕላን ደብድቧል። መስፈሪያው ሁለት ዓይነት ነበር። ነገር ግን የሐርጌሳ መደብደብ በሰፈራው መንገድ ላይ ለሞተው የወሎ ገበሬ ምን ይጠቅመዋል? በግድ የተጫነ ሰው፣ ነቃፊው አድሏዊ ስለ ሆነ ብቻ በፈቃዱ የሄደ አይሆንም።

በዚያው ዘመን በአቦቦ አጠገብ በሶቪየት ባለሙያዎች ርዳታ የአልዌሮ ግድብ ተሠራ። የታሰበው ወደ 10,000 ሄክታር የሚጠጋ መሬት በመስኖ ለማልማት ነበር። ግድቡ ቢቆምም ውሃው ለረጅም ዓመታት በመስኖ ቦይ አልፎ እርሻ አላጠጣም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ግን መሬቱ ሳዑዲ ስታር ለተባለ ኩባንያ ተከራየ። በዚያው ጊዜ የክልሉ መንግሥት 45,000 አባወራዎችን በሦስት ዓመት ውስጥ በመንደር የማሰባሰብ ዕቅድ አወጣ፤ ዓላማውም ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና ንጹሕ ውሃ ለማዳረስ መሆኑ ተነገረ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በጥር ወር 2004 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት ሰዎች በማስፈራራትና በድብደባ መዛወራቸውን፣ የተገባላቸው አገልግሎትም በቦታው አለመገኘቱን ገለጸ። መንግሥት ዝውውሩ በፈቃደኝነት የተደረገ ነው በማለት ሪፖርቱን ሙሉ በሙሉ አልተቀበለውም።

ነገሩ በዚህ ቢቆም አንዱ አለ፣ ሌላው አልሆነም አለ ተብሎ በታለፈ ነበር። ግን በ2005 ዓ.ም. መጀመሪያ በስደት የሚኖሩ አኙዋዎች ለዓለም ባንክ የምርመራ ፓነል አቤት አሉ። ባንኩ ለመሠረታዊ አገልግሎቶች ይሰጥ የነበረው ገንዘብ ከመንደር ማሰባሰቡ ጋር ተያይዟል ሲሉ ከሰሱ። በ2007 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የፓነሉ ውጤት ለማንም ወገን ሙሉ ድል አልሰጠም። ፓነሉ መብት ተጥሷል ወይስ አልተጣሰም የሚለውን እንዳልመረመረ ገልጾ፣ ባንኩ የራሱን ደንብ ተከትሎ በሁለቱ ሥራዎች መካከል ያለውን ግንኙነትና ከዚያ ሊመጣ የሚችለውን አደጋ አለመመዘኑን ግን አረጋገጠ።

ክቡራን አባላት፣ ይህ ውሳኔ ለመሐንዲሶች የተጻፈ ያህል ነው። በፓነሉ የተገኘው ጉድለት የርእዮተ ዓለም ጉድለት አይደለም፤ የሥራ ጉድለት ነው። አደጋው በጥናቱ ውስጥ አልተጻፈም፤ ያልተጻፈው አደጋም አልተመዘነም። ነቀፌታን ሁሉ የባዕድ ሴራ ብሎ የሚመልስ መንግሥት እንዲህ ያለውን በጽሑፍና በደንብ የሚታረም ስሕተት ሳይቀር አብሮ ይጥለዋል። በሌላው ወገን፣ ገንዘቡን ያቀረቡት ለጋሾች ራሳቸው አልተመዘኑም ነበር። ያን ጥያቄ በባንኩ የምርመራ ፓነል ፊት ያቀረቡት ስደተኞቹ ናቸው።

የመንግሥት አቤቱታ እውነተኛ መሠረት ያለው መሆኑን ጋምቤላ በሌላም መንገድ ትመሰክራለች። ሚያዝያ 7 ቀን 2008 ዓ.ም. ከደቡብ ሱዳን የተሻገሩ የሙርሌ ታጣቂዎች የኑዌርን መንደሮች ወርረው ከ200 የሚበልጡ ሰዎችን ገደሉ፤ ከ100 የሚበልጡ ሕፃናትንም ዘርፈው ሄዱ። ብዙዎቹ ሕፃናት ቀስ በቀስ ቢመለሱም፣ ለዚያ እልቂት ዓለም አቀፍ መርማሪ ቡድን አልተቋቋመም። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ነዋሪዋ 307,096 የነበረው ይህች ክልል፣ ከ2006 ዓ.ም. በኋላ ከ300,000 የሚበልጡ የደቡብ ሱዳን ስደተኞችን ተቀብላለች። ስለ ሰብአዊ መብት አብዝተው ከሚናገሩት ባለጠጋ አገሮች መካከል የሕዝቧን ያህል ስደተኛ የተሸከመች የለችም።

በሰሜኑ ጦርነት ዘመን ክርክሩ ከፍ አለ። መንግሥት መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ሰባት የተባበሩት መንግሥታት ባልደረቦችን በውስጥ ጉዳይ ገብታችኋል ብሎ ከአገር እንዲወጡ አዘዘ። ታኅሣሥ 8 ቀን የሰብአዊ መብት ምክር ቤት በ21 ድጋፍ፣ በ15 ተቃውሞና በ11 ድምፀ ተአቅቦ ለኢትዮጵያ የባለሙያዎች መርማሪ ቡድን አቋቋመ፤ መንግሥትም ይህን የፖለቲካ ጫና መሣሪያ ነው ብሎ አልተባበርም አለ። አሜሪካ ደግሞ በዚያው ዓመት ኢትዮጵያን ከአጎዋ የንግድ ዕድል አስወጣች፤ የዕርምጃው ዕዳ የወደቀው ውሳኔ በሰጡት ላይ ሳይሆን በፋብሪካ በሚሠሩት ወጣት ሴቶች ላይ ነበር።

ይህ ሁሉ እውነት ሲሆን፣ ሚዛኑ ወደ ሌላ ወገን ያዘነበለበትንም ቀን ማንሣት ፍትሕ ነው። ታኅሣሥ 3 ቀን 1996 ዓ.ም. በጋምቤላ አቅራቢያ ስምንት ሰዎች በተሽከርካሪ ሲጓዙ ተገደሉ። አስከሬናቸው ወደ ከተማ በገባ ጊዜ፣ ወንጀሉን ማን እንደ ፈጸመው ሳይጣራ፣ ከሌላ አካባቢ የመጡ ነዋሪዎችና የመከላከያ ሠራዊት አባላት በአኙዋዎች ላይ ተነሡ፤ ቤቶች ተቃጠሉ፣ ሰዎች በየደጃፋቸው ወደቁ። በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን የሞቱት 65 ናቸው አለ፤ የአኙዋ ወገኖች ግን ከ400 በላይ ስሞችን መዘገቡ። በዚያ ጊዜ ኢትዮጵያ በፀረ ሽብር ዘመቻ የምዕራባውያን የቅርብ አጋር ነበረች። ስለ ጋምቤላ ተብሎ ማዕቀብ አልተጣለም፤ የንግድ ዕድልም አልተነጠቀም። ያም ሁለት ዓይነት መስፈሪያ ነበር። ሆኖም መስፈሪያው ለመንግሥት ስላደላ፣ ስለ አድልዎው ከመንግሥት ወገን የቀረበ አቤቱታ አልነበረም። በ1996 እና በ2014 ዓ.ም. መካከል የተለወጠው የሰው ደም ዋጋ አይደለም፤ የወዳጅነቱ ነፋስ ነው።

ሁለት የቅየሳ ቡድኖች አንድን የመስኖ ቦይ ከሁለት ጫፍ ሲቀይሱ፣ የከፍታ መነሻ ነጥባቸው የተለያየ ከሆነ ቦዩ መሐል ላይ አይገጥምም። አንዱ ቡድን የሌላው መነሻ ስሕተት መሆኑን ቢያረጋግጥ እንኳ፣ የራሱን ሳያስመረምር ውሃው አይሄድም። የሌላውን መለኪያ ሐሰተኛነት ማሳየት የራስን ትክክለኛነት አያስረዳም። መንግሥት የውጭውን መስፈሪያ የሚያርመው የራሱን መስፈሪያ በአደባባይ አቁሞ ነው።

ይህም የማይቻል አይደለም። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ከተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ጽሕፈት ቤት ጋር ያካሄደውን የጋራ ምርመራ ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ይፋ ሲያደርግ፣ በሁሉም ተፋላሚ ወገኖች የተፈጸመውን በአንድ ሰነድ አስፍሯል። ሰኔ 7 ቀን 2014 ዓ.ም. ታጣቂዎች በጋምቤላ ከተማ ላይ ጥቃት ካደረሱ በኋላም፣ ኮሚሽኑ በመስከረም 2015 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት የክልሉ የጸጥታ ኃይሎች ቢያንስ 50 ሰዎችን መግደላቸውን ገለጸ። ይህን የተናገረው ባዕድ አይደለም፤ በአገሪቱ አዋጅ የቆመ ተቋም ነው። ጣልቃ ገብነት የሚለው መልስ ለእንዲህ ያለው ሪፖርት አይሠራም። የአገር ውስጥ መርማሪ ነጻ ሆኖ ሲሠራ፣ ግኝቱም ወደ ፍርድ ቤት ሲያደርስ፣ የውጭ መርማሪ የመምጣቱ ምክንያት ራሱ ይቀንሳል። የአገር ውስጡ ሲታፈን ግን ተጎጂው ፊቱን ወደ ጄኔቭና ወደ ዋሽንግተን ያዞራል፤ በርም የሚከፈትለት የዚያ ዘመን ወዳጅነት በፈቀደው መጠን ነው።

ከዚህ ውስጥ ለማኅበሩ አባላት የሚደርሰው ድርሻ ጥቂት ቢመስልም ከባድ ነው። መንገዱን የሚቀይሰው፣ የመንደሩን ንድፍ የሚያወጣው፣ የግድቡን ጥናት የሚፈርመው መሐንዲስ ነው። አንድ ቦታ ባዶ መሬት ተብሎ በካርታ ላይ ሲነጣ፣ በዚያ በጋ ለግጦሽ የሚወርዱ፣ ከጎርፉም በኋላ በወንዙ ዳር የሚዘሩ ሰዎች እንዳሉ መጻፍ የባለሙያ ግዴታ ነው። ነዋሪው የተጠየቀበትን ቀን፣ የሰጠውን መልስና እምቢ ያለውንም ሰው ቁጥር በጥናቱ ውስጥ ማስገባት ፖለቲካ አይደለም፤ እንደ አፈር ምርመራ ሁሉ የሥራው መሠረት ነው። እንዲህ ያለ መዝገብ ቢኖር፣ የውጭ ከሳሽ ሐሰት ሲናገር የሚረታው በእርሱ ነው፤ እውነት ሲናገርም ጥፋቱ የሚታረመው በእርሱ ነው። መዝገብ በሌለበት ግን የሚቀረው ጩኸት ብቻ ነው፤ በጩኸት ደግሞ ኃያሉ ሁልጊዜ ይበልጣል።

አበው በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይላሉ። ምሳሌው ለዋሽንግተንና ለብራስልስ ይሠራል፤ ለአዲስ አበባም ይሠራል። ኢትዮጵያ በ1928 ዓ.ም. በጄኔቭ የጠየቀችው አንድ ቁና ለሁሉ እንዲሆን ነበር። ያ ጥያቄ ዛሬም የሚጸናው፣ በባሮ ዳር የሚኖረው ሰው በዚያው ቁና ሲሰፈርለት ነው።