ስለ ሱረት ክልከላ አፈጻጸም
(በአዲስ አበባ፥ በልደታ፥ በአብነት ሠፈር ለገበሬዎችና ለቸርቻሪዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሱረትና ስለሚታኘከው ትምባሆ ነው። አብነት ለዚህ ጉዳይ የተመቸ ቦታ ነው። መርካቶ ከዚህ ቅርብ ስለ ሆነ ከገጠር የሚመጣው ምርትና ከተማው የሚገዛው ዕቃ በዚሁ አካባቢ ይገናኛሉ። አምራቹና ሻጩ ባንድ ጉባኤ ሲቀመጡ ደግሞ አንዱ በሌላው ላይ ለማመካኘት ይቸግረዋል።

ብዙ ሰው ትምባሆ ሲባል ሲጋራን ብቻ ያስባል። ሱረት ጢስ ስለሌለው ጉዳት የሌለው ይመስለዋል፤ እንዲያውም ለራስ ምታት ይበጃል የሚል አይጠፋም። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ጢስ አልባ ትምባሆን ነቀርሳ እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት ነገሮች መካከል መድቦታል፤ የአፍ፥ የምግብ መውረጃ ቧንቧና የቆሽት ነቀርሳ ያመጣል። ነፍሰ ጡር ሴት ብትወስደው ልጁ ያለ ጊዜው ወይም ክብደቱ አንሶ ሊወለድ፥ ወይም በማኅፀን ሊሞት ይችላል። በዱቄቱ ላይ ዐመድ ሲደባለቅ ደግሞ ኒኮቲን የተባለው መርዝ ቶሎ ወደ ደም ይገባል፤ ሱሱም በዚያው መጠን ይጠነክራል።

ትምባሆን መከልከል በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ (1864–1881 ዓ.ም.) ትምባሆን በጥብቅ ከልክለው ነበር። በዘመኑ የነበሩ ተጓዦች እንደ ጻፉት የሚያጤሰው ሰው ከንፈሩን፥ ሱረት የሚስበው አፍንጫውን ይቈረጥ ነበር። ቅጣቱ ከዚህ የከበደ ሊሆን አይችልም፤ ይሁን እንጂ ትምባሆ ከጓሮአችን አልጠፋም። ከንጉሠ ነገሥቱ በኋላም እስከ ዛሬ ይበቅላል። እኔ ከዚህ የምረዳው የቅጣት ክብደት ብቻውን ሥራውን እንደማይሠራ ነው።

አሁን ያለው ሕግ ሌላ ነው። ኢትዮጵያ የዓለም የጤና ድርጅትን የትምባሆ ቊጥጥር ስምምነት በ2006 ዓ.ም. አጽድቃለች። ስምምነቱ የትምባሆ ምርት የሚለው የሚጤሰውን ብቻ ሳይሆን የሚመጠጠውን፥ የሚታኘከውንና በአፍንጫ የሚሳበውንም ነው። ስለዚህ «የኔ ሱረት ነው፤ ሕጉ ለሲጋራ ነው» የሚል ነጋዴ ተሳስቷል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቊጥር 1112 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው ትምባሆ መሸጥን፥ ትምባሆን ማስተዋወቅን፥ ማጣፈጫ የገባበትን ትምባሆ፥ ሺሻንና በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ሲጋራ ከልክሏል። በእሽጉ ላይ ደግሞ 70 በመቶውን የሚሸፍን የማስጠንቀቂያ ሥዕል እንዲታተም አዝዟል።

እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ። ሕግ አውጪው ሲጽፍ በዓይኑ ፊት የነበረው የሲጋራ ፓኮ ይመስላል። በማንኪያ እየተሰፈረ፥ በወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጠው ሱረት ግን ፓኮ የለውም። ሥዕሉ የት ይለጠፋል? ገዢው ዕድሜውን ማን ይጠይቀዋል? ለእናቱ የተላከው የ10 ዓመት ልጅስ? ክልከላ የሚላላው በእንደዚህ ያለው ቀዳዳ ነው።

ሌሎች አገሮች ከደረሰባቸው እንማር። ቡታን የተባለችው አገር እ.ኤ.አ. በ2004 የትምባሆ ሽያጭን በሙሉ ከለከለች፤ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ (ይህም እ.ኤ.አ. ነው) ሕጉን አጠበቀች። በማግሥቱ ዓመት ጥቂት የሚታኘክ ትምባሆ የተገኘበት አንድ መነኵሴ 3 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ሕዝቡ ስላዘነ በ2012 ቅጣቱ ቀለለ፤ ትምባሆውም በድንበር በኩል በስውር መግባቱን ስላላቆመ በ2021 የሽያጩ ክልከላ ተነሣ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚባለው ይህ ነው። በሕንድ አገር ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ክፍላተ አገሩ ጉትካ የተባለውን የሚታኘክ ቅልቅል ሲከለክሉ፥ ፋብሪካዎቹ ቅመሙን ባንድ ከረጢት፥ ትምባሆውን በሌላ ከረጢት አድርገው ጐን ለጐን መሸጥ ጀመሩ፤ ገዢው ራሱ ቀላቅሎ ያኝካል። ዕቃውን በስሙ መከልከል እንዲህ ያለውን ብልጠት ይጋብዛል። ኡጋንዳ በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ጢስ አልባውን ትምባሆ በጠቅላላ የከለከለችው በአንድ ስም ሳይወሰን ነው፤ ይህ የተሻለ መንገድ ይመስለኛል።

ስለዚህ በገበያችን ተቈጣጣሪው መጀመር ያለበት ከማን ነው? መሬት ላይ ተቀምጣ ሁለት ማንኪያ ሱረት ከምትሸጥ እናት ከሆነ፥ ዕቃዋ ይወሰዳል፥ ልጆቿ ጦማቸውን ያድራሉ፥ በማግሥቱም ሌላዋ በቦታዋ ትቀመጣለች። በጆንያ የሚያከፋፍለው ከታወቀ ግን የብዙ ሰው መንገድ ባንድ ጊዜ ይዘጋል። ለትንሿ ሻጭ አስቀድሞ ይነገራት፤ ዕቃዋን በሌላ የምትለውጥበት ጊዜ ይሰጣት። ስምምነቱ ራሱ በ17ኛው አንቀጽ ለአምራቾችና ለቸርቻሪዎች ሌላ መተዳደሪያ እንዲፈለግላቸው ይላል፤ ይህ አንቀጽ ከሌሎቹ ያነሰ ሊነበብ አይገባም። ለልጅ የሚሸጥ ግን ምክንያት አይሰማለትም።

አሁን ወደ ገበሬው እመለሳለሁ። በጓሮው ትምባሆ ያለው ሁሉ ሱረት ሻጭ አይደለም። ብዙዎቻችሁ ቅጠሉን የምትይዙት በከብት አፍንጫ የሚገባውን አልቅት ለማስወጣት እንደ ሆነ አውቃለሁ። ተቈጣጣሪውም ይህን ማወቅ አለበት። ነገር ግን የትምባሆ ጭማቂ ከበዛ ከብቱን ራሱን ይመርዘዋል፤ ይንቀጠቀጣል፥ ይወድቃል። ከዚህ የሚሻለው ከብቱን ጥቂት አስጠምቶ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ በአፍንጫው አጠገብ ማቅረብ ነው፤ አልቅቱ ወደ ውሃው ብቅ ሲል በጨርቅ ይዞ መሳብ ይቻላል። ከኵሬ ይልቅ በገንዳ ማጠጣት ደግሞ አልቅቱን ከመጀመሪያው ያስቀራል።

በዝናብ ወይም በጤዛ የራሰ የትምባሆ ቅጠል በባዶ እጅ የሚለቅም ሰው መርዙ በቆዳው ገብቶ ያስመልሰዋል፥ ያዞረዋል፤ ልጆችን ለዚህ ሥራ አታሰማሩ።

አንድ ሌላ ነገርም አለ፤ ጥቂት ሰው ብቻ የሚያውቀው ነው። ትምባሆ፥ በርበሬ፥ ቲማቲምና ድንች የአንድ ዘር ተክሎች ናቸው። ቅጠልን ዥጉርጉር የሚያደርገው የትምባሆ በሽታ በደረቅ ቅጠል ውስጥ እንኳ ለብዙ ጊዜ ይኖራል። ሱረት የያዘ ወይም ትምባሆ ያኘከ ሰው እጁን ሳይታጠብ የበርበሬ ችግኝ ቢነካ በሽታውን ሊያስተላልፍ ይችላል። ለበሽታው መድኃኒት የለውም፤ የታመመውን ችግኝ ነቅሎ ማቃጠል ነው። ስለዚህ ወደ መደቡ ከመግባታችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

ትምባሆውን የምትነቅሉ ሰዎች በዚያው መሬት ላይ ወዲያው በርበሬ ወይም ቲማቲም አትትከሉ። ትምባሆ የመሬቱን ፖታሽ አብዝቶ ስለሚወስድ በመጀመሪያ የበሰበሰ ፍግና የማድቤት ዐመድ ጨምሩበት፤ ከዚያ ነጭ ሽንኵርት፥ ባቄላ ወይም ጐመን ይሆንለታል። ነጭ ሽንኵርት እንደ ትምባሆ ደርቆ የሚቀመጥና በትንሽ በትንሹ የሚሸጥ ስለ ሆነ ለጓሮ ቦታ የተሻለው እርሱ ነው። ሱሱን ለመተው የሚፈልግ ቢኖር በቀበሌው ያለችውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይጠይቅ።